የጎርፍ ካርታው፣ ደንቡና ቤታችን፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፉት ወራት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ቤት ከመግዛት፣ ቤት ከማደስና ከጎርፍ መድን ጋር የተያያዙ ናቸው። ጥያቄዎቹ ከተለያየ ቦታ ቢመጡም የሚነሱት ከአንድ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ መንግሥት ውሃ ሊተኛበት የሚችለውን መሬት በካርታ ለይቶ በዚያ መሬት ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችልና እንደማይችል የሚደነግግበት አሠራር ነው። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር የተጻፉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አቅራቢያ ቤት ለመግዛት ውል ከጀመርን በኋላ ባንኩ «ቤቱ ዞን ኤኢ ውስጥ ስለሆነ የጎርፍ መድን ካልገባችሁ ብድሩ አይለቀቅም» አለን። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ግን እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው አያውቁም፤ ሁለቱ ቤቶች ደግሞ በዓይን ሲታዩ እኩል ናቸው። ይህን መስመር ያሰመረው ማን ነው? ልንከራከርበትስ እንችላለን?

መልስ፦ መስመሩን የሚያሰምረው ፌማ በሚለው ምሕጻር የሚታወቀው የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሥልጣኑ የሚመነጨው ኮንግረሱ በ1968 ካወጣው የብሔራዊ የጎርፍ መድን ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የግል መድን ድርጅቶች ጎርፍን ለመሸፈን ፈቃደኛ አልነበሩም። እሳት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤት ለይቶ ሲያቃጥል ጎርፍ ግን ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ሌሊት ይመታል፤ መድኑን ሊገዙ የሚመጡትም አደጋው ያለባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። በ1965 ቤትሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ካጥለቀለቀ በኋላ መንግሥት እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ውል አቀረበ፦ ከተማው ወይም ካውንቲው ለጎርፍ በተጋለጠው መሬት ላይ የሚካሄደውን ግንባታ በደንብ ከተቆጣጠረ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ነዋሪዎቹ መድን የሚያገኙበትን መንገድ ያመቻቻል። መድን መግባትን ለተበዳሪ ግዴታ ያደረገው ደግሞ የ1973ቱ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ያለ አበዳሪ፣ ከፍተኛ የጎርፍ ስጋት አለበት ተብሎ በተከለለ ቦታ ላይ ለቆመ ቤት ያለ ጎርፍ መድን ገንዘብ መስጠት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ባንኩ ይህን የጠየቃችሁ ከራሱ አመንጭቶ አይደለም።

ስጋቱ «ከፍተኛ» የሚባለው በየትኛውም አንድ ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ የሚሸፍነው መሬት ነው። ሰው «የመቶ ዓመት ጎርፍ» እያለ ይጠራዋል፤ ይህ አጠራር ግን ጎርፉ አንድ ጊዜ ከመጣ ለመቶ ዓመት አርፎ የሚቀመጥ ስለሚያስመስለው ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል። ትክክለኛው ስሌት ሌላ ነው። በየዓመቱ ከመቶ አንድ የሆነው ዕድል በሠላሳ ዓመት የቤት ብድር ዘመን ሲሰላ ወደ 26 በመቶ ያድጋል፤ ማለትም ብድሩን ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ቤታችሁ ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚህ መጠን ጎርፍ የመመታቱ ዕድል ከአራት አንድ ይበልጣል። አንድ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ሳያውቅ ውል እንዲፈርም መደረግ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

መስመሩ የሚወጣው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መሐንዲሶች በወንዙ ላይ የተተከሉ የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት የመዘገቡትን መረጃ፣ መለኪያ በሌለበት ቦታ ደግሞ የዝናቡን መጠንና የተፋሰሱን ስፋት ይዘው፣ የአንድ በመቶው ጎርፍ በሰከንድ ስንት ውሃ ይዞ እንደሚመጣ ያሰላሉ። ቀጥሎም ከአውሮፕላን በጨረር የተለካ የመሬት ከፍታ መረጃ ወስደው፣ ወንዙን በየርቀቱ አቋርጠው፣ ድልድዩንና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦውን ሁሉ አስገብተው ውሃው በየቦታው እስከ ምን ከፍታ እንደሚደርስ በኮምፒውተር ያሰላሉ። በዞን ኤኢ ካርታ ላይ በጫማ ተጽፎ የምታዩት ቁጥር ይህ የውሃ ከፍታ ነው። መስመሩም ይህ ከፍታ ከመሬቱ ከፍታ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የእናንተና የጎረቤታችሁ መሬት በዓይን እኩል መስሎ ቢታይም የግማሽ ጫማ ልዩነት አንዱን ከመስመሩ ውስጥ፣ ሌላውን ከመስመሩ ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

መከራከር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን መብት ባለማወቁ ብቻ ሳይጠቀምበት ይቀራል። ካርታው የተሠራው ሰፊ አካባቢን በአንድ ላይ በማየት ስለሆነ፣ በተፈጥሮ ከፍ ብሎ ያለ ትንሽ ቦታ በስሕተት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፈቃድ ያለው የመሬት ቀያሽ ወይም ሰርቨየር ቀጥራችሁ የቤቱን ግድግዳ ከሚነካው መሬት ዝቅተኛው ነጥብ እንዲለካላችሁ አድርጉ። በካርታው ላይ የውሃው ከፍታ 32 ጫማ ነው እንበል፤ በጋራዡ ጥግ ያለው ዝቅተኛ መሬት 32.6 ከሆነ ማመልከቻችሁ ያስኬዳል፤ 31.4 ከሆነ ግን የሳሎናችሁ ወለል የቱንም ያህል ከፍ ቢል አያስኬድም። የሚታየው መሬቱ እንጂ ወለሉ አይደለም። ሎማ ተብሎ የሚጠራውን የካርታ ማሻሻያ ደብዳቤ ለማግኘት ፌማ ምንም ክፍያ አይጠይቅም፤ ሙሉ መረጃው ከደረሰው በኋላም በ60 ቀናት ውስጥ ይወስናል። የእናንተ ወጪ የቀያሹ ክፍያ ብቻ ነው። መሬቱ ከፍ ያለው አፈር ተደልድሎበት ከሆነ ግን ማመልከቻው ሌላ ዓይነት ነው፤ ክፍያም አለው።

እዚህ ላይ ቀያሹን አንድ ነገር ጠይቁት። የድሮ ካርታዎች የከፍታ መነሻ (ከፍታ ከዜሮ የሚቆጠርበትን ልክ) ያደረጉት በ1929 የተወሰነውን ሲሆን አዳዲሶቹ የሚጠቀሙት የ1988ቱን ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አንድ ጫማ ሊጠጋ ይችላል። የመሬቱ ቁጥርና የውሃው ቁጥር ከተለያዩ መነሻዎች የተወሰዱ ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ ማመልከቻችሁም በዚህ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

ደብዳቤው ቢሳካላችሁ የሚነሣው ግዴታው እንጂ ውሃው አይደለም። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው የፌርፋክስ ካውንቲ የሀንቲንግተን ሰፈር በሰኔ 2006 ካሜሮን ረን የተባለው ወንዝ ሞልቶ ከመቶ በላይ ቤቶችን ያጥለቀለቀ ሲሆን፣ መከላከያ ግንቡና የውሃ መሳቢያው ጣቢያ ተሠርተው የተጠናቀቁት በ2019 ነበር። ስለ ዋጋውም ልጨምር፦ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ለአዲስ ውሎች፣ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ደግሞ ለነባሮቹ ጭምር ሥራ ላይ በዋለው አሠራር የመድኑ ዋጋ የሚሰላው በዞኑ ፊደል አይደለም። የሚታየው ቤቱ ከውሃው ያለው ርቀት፣ ከፍታው፣ የመሠረቱ ዓይነትና ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ዞኑ አሁን የሚያገለግለው መድን የመግባት ግዴታ አለባችሁ ወይስ የለባችሁም የሚለውን ለመወሰን ነው። ስለሆነም ከውሉ በፊት ዋጋውን አስጠይቁ፤ የሻጩንም የመድን ታሪክ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለውን አሮጌ ቤታችንን ከጓሮ ክፍል ለመጨመርና ቤዝመንቱን (ከመሬት በታች ያለውን ወለል) ለማከራየት እንዲመች አድርገን ለማደስ ፈልገን ካውንቲው «የሥራው ወጪ ከግማሽ በላይ ነው፤ ቤቱን በሙሉ ወደ አሁኑ ደንብ ማምጣት አለባችሁ» አለን። በገዛ ቤታችን እንዴት እንዲህ እንባላለን?

መልስ፦ ይህ ደንብ የካውንቲው ፈጠራ አይደለም፤ ከፌዴራሉ ዝቅተኛ መስፈርት የመጣ ነው። ካርታው ከመውጣቱ በፊት የተሠሩ ቤቶች እንዳሉ እንዲቀጥሉ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን በከፍተኛ ስጋት ክልል ውስጥ ላለ ቤት የማሻሻያው ወይም የጥገናው ወጪ ከቤቱ የገበያ ዋጋ 50 በመቶ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ቤቱ እንደ አዲስ ቤት ይቆጠራል። በዚህን ጊዜ ዝቅተኛው ወለል ካርታው ላይ ካለው የውሃ ከፍታ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት፤ ብዙ ካውንቲዎች ደግሞ በዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጫማ ይጨምራሉ። ቤዝመንትም ወለል ስለሆነ ከውሃው ከፍታ በታች ያለ ቤዝመንት እንዲሞላ ሊጠየቅ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። የሚነጻጸረው ከቤቱ ዋጋ ጋር ብቻ እንጂ ከመሬቱ ጋር አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግን በመሰለ ስፍራ የንብረቱ ዋጋ ትልቁ ክፍል መሬቱ ስለሆነ፣ 600,000 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ላይ የቆመው አሮጌ ቤት ብቻውን 240,000 ሊገመት ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ገደቡ 120,000 ዶላር ነው፤ 300,000 አይደለም። የራሳችሁ ጉልበትና ከዘመድ በነጻ ያገኛችሁት ዕቃም በገበያ ዋጋው ተገምቶ ይታሰባል። በሌላ በኩል የካውንቲው የግብር ግምት ዝቅ ያለ መስሎ ከታያችሁ ፈቃድ ያለው ገማች ቀጥራችሁ የቤቱን ዋጋ ለብቻ አስገምታችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ። ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ስለ ኪራዩ ግን በግልጽ ልናገር። ከጎርፉ ከፍታ በታች ያለ ቤዝመንት ውስጥ ሰው አስተኝቶ ኪራይ መቀበልን እኔ አልመክርም፤ ደንቡ ክፍተት ቢኖረው እንኳ። ምክንያቱን ከዚህ በታች ለቀረበው ጥያቄ በሰጠሁት መልስ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ተከራይ ነኝ፤ የምኖረውም ቤዝመንት ውስጥ ነው። የጎርፍ መድን ለባለቤቱ ብቻ ነው ወይስ እኔም መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ተከራይም በስሙ መግባት ይችላል፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለዕቃ ሽፋን ይሸጣል። እርስዎ ግን ከመክፈልዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ወለሉ በአራቱም በኩል ከመሬት በታች የሆነ ክፍል በመድኑ ቋንቋ ቤዝመንት ይባላል፤ በዚያ ውስጥ ላለ ዕቃ የሚከፈለው ከልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ ከፍሪዘርና ከመሳሰሉት ጥቂት ነገሮች አያልፍም። አልጋዎ፣ ሶፋዎ፣ ቴሌቪዥንዎና ልብስዎ አይሸፈኑም። በአንድ በኩል በር ከፍቶ በደረጃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ቤት ከሆነ ግን በዚህ ትርጉም ቤዝመንት ላይባል ስለሚችል ወኪሉን ለይተው ይጠይቁት።

ከዕቃው በላይ የሚያሳስበኝ ሕይወትዎ ነው። አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ በመስከረም 1 ቀን 2021 በደረሰ ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ የሞቱት በቤዝመንት መኖሪያዎች ውስጥ ነበር፤ በዚያው ዕለት በሮክቪል፣ ሜሪላንድ በአንድ የአፓርትመንት ግቢ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሰው ሞቷል። ውሃው ከውጭ በሩን ሲጫነው ወደ ውጭ የሚከፈት በር በሰው ጉልበት አይከፈትም። ስለዚህ መኝታ ቤትዎ ሰው የሚያሳልፍ መስኮት እንዳለው ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ የስልክዎ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሌሊትም እንዲጮኽ ያድርጉ፤ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ውሃው እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ጓሮአችን እስከ ጅረቱ ድረስ ይደርሳል። ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን አፈር አስመጥተን ለመደልደልና ጠንካራ አጥር ለማጠር ብንጠይቅ ተከለከልን። ጎረቤታችን ግን ከእኛ ራቅ ብሎ፣ እዚያው የጎርፍ ክልል ውስጥ፣ ቤት ሲሠራ ተፈቅዶለታል። ይህ አድልዎ አይደለምን?

መልስ፦ አድልዎ አይመስለኝም፤ ሁለታችሁ ያላችሁት በሁለት የተለያዩ ክልሎች ነው። ለጎርፍ የተጋለጠው መሬት በደንቡ ዓይን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ውሃው በኃይል የሚያልፍበት መሄጃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውሃው ዳር ላይ ወጥቶ የሚተኛበት ነው። መሄጃው የሚለየው በስሌት ነው፤ መሐንዲሶቹ በሁለቱም ዳር ያሉ ባለ መሬቶች ሁሉ መሬታቸውን እየደለደሉ ወደ ወንዙ ቢጠጉ ብለው ያስባሉ፤ በዚህ የተነሣ የውሃው ከፍታ በአንድ ጫማ እስኪጨምር ድረስ ዳሩን ያጠባሉ፤ ከዚያ በኋላ መሐል ላይ የሚቀረው መሬት የጎርፉ መሄጃ ይባላል። በመሄጃው ውስጥ፣ አፈር መድፋትም ሆነ አጥር ማጠር፣ የጎርፉን ከፍታ ምንም እንደማይጨምር በመሐንዲስ ስሌት ካልተረጋገጠ በቀር አይፈቀድም። በዳሩ ግን ወለሉን ከፍ አድርጎ መሥራት ይቻላል። የጎረቤታችሁ ቤት ያለው በዳሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

እናንተ ዘንድ የተደፋው አንድ መኪና አፈር ብቻውን ብዙ ላያደርግ ይችላል። ነገር ግን ከእናንተ በላይ ያሉት አሥር ቤተሰቦችም እንደዚያው ቢያደርጉ፣ የውሃውን መንገድ ስለሚያጠብቡት ውሃው ወደ ላይ ተመልሶ የሌላውን ሳሎን ያገኛል። ጠንካራ አጥርም ቅርንጫፍና ቆሻሻ ይዞ እንደ ግድብ ይሆናል። እኔ እንዲያውም አንድ ጫማ መፍቀዱ ራሱ የበዛ ነው ባይ ነኝ፤ እንደ ኢሊኖይ ያሉ ግዛቶች የሚፈቅዱት የአንድ ጫማ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ለልጆቹ ሣሩን እንዳለ ትታችሁ፣ ውሃ የሚያሳልፍና በቀላሉ የሚነሣ አጥር እንዲፈቀድላችሁ ብትጠይቁ የተሻለ ምላሽ ታገኙ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሂዩስተን እንኖራለን። ቤታችን ዞን ኤክስ ውስጥ ስለሆነ ባንኩ ምንም አልጠየቀንም። ዘመዶቻችን ግን መድን ግቡ እያሉ ያስጨንቁናል። ለመንግሥት ካርታ ነው ወይስ ለዘመድ ምክር የሚታመነው?

መልስ፦ በእናንተ ከተማ ለዘመዶቻችሁ እፈርዳለሁ። በነሐሴ 2017 ሃርቪ በተባለው አውሎ ነፋስ ጊዜ በሃሪስ ካውንቲ ብቻ ከ150,000 በላይ ቤቶች ውሃ የገባባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚገኙት ከአንድ በመቶው መስመር ውጭ ነበር። ባለቤቶቻቸውም በአብዛኛው የጎርፍ መድን አልነበራቸውም። የተለመደው የቤት መድን ጎርፍን እንደማይሸፍን ብዙዎች ያወቁት ዕቃቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ከከመሩ በኋላ ነው።

ካርታው ውሸት ስለሆነ አይደለም። ካርታው የሚያሳየው በዋናነት ከወንዝና ከባሕር የሚወጣውን ውሃ ነው፤ ከሰማይ ወርዶ ቱቦው መዋጥ ያቃተውን፣ መንገዱን እንደ ወንዝ ተከትሎ ወደ ጋራዥ የሚገባውን ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ደግሞም ካርታው የተሠራበት የዝናብ መረጃ ያረጃል። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በ2018 ለቴክሳስ ያወጣው አዲስ የዝናብ ጥናት፣ በሂዩስተን አካባቢ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጥለውን «የመቶ ዓመት» ዝናብ ከ13 ኢንች ወደ 18 ኢንች ከፍ አድርጎታል፤ ቀድሞ የመቶ ዓመት ይባል የነበረው ዝናብ አሁን የ25 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ከተማውም በዚያው ዓመት ደንቡን አጥብቆ፣ ከ500 ዓመቱ (በዓመት ከሺህ ሁለት ዕድል ካለው) የጎርፍ መስመር ውስጥ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ወለል ከዚያ ጎርፍ ከፍታ ሁለት ጫማ በላይ እንዲሆን ወሰነ። ከእናንተ በኋላ የሚሠራው ጎረቤት ከእናንተ ከፍ ብሎ ከተሠራ ምክንያቱ ይህ ነው።

ዞን ኤክስ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ በሉ። በካርታው ላይ ጠቆር ያለው ዞን ኤክስ በዓመት ከሺህ ሁለት ዕድል ያለው ጎርፍ የሚደርስበት ነው፤ ያልጠቆረው ደግሞ ከዚያም ውጭ ነው። የቤታችሁን አድራሻ በፌማ የካርታ ማዕከል አስገብታችሁ የትኛው ላይ እንዳላችሁ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። መድኑን የምትገቡ ከሆነ ደግሞ አውሎ ነፋሱ በዜና ከተሰማ በኋላ አይሆንም፤ ከአንዳንድ ሁኔታዎች በቀር ሽፋኑ የሚጀምረው ከ30 ቀናት በኋላ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ቤት የሽፋኑ ጣሪያ ለሕንፃው 250,000፣ ለዕቃው 100,000 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ከካውንቲው «አዲስ የጎርፍ ካርታ ረቂቅ ወጥቷል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ ቤታችንም አሁን በመስመሩ ውስጥ ገብቷል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤውን አትጣሉት። ረቂቁ ከወጣ በኋላ በውሃው ከፍታና በመስመሩ ላይ የይግባኝ ጊዜ ይከፈታል፤ ይህም 90 ቀናት ነው። «ሰፈራችን ጎርፍ አይቶ አያውቅም» የሚል አቤቱታ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚታየው ስሌቱ ወይም የመሬት ልኬቱ የተሳሳተ መሆኑን የሚያሳይ የመሐንዲስ ማስረጃ ነው። ወጪውን ለመቻል ጎረቤቶች ተሰብስበው አንድ መሐንዲስ ቢቀጥሩ የተሻለ ነው፤ ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ለእኛ ይህ አይከብደንም። የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ካርታው የሚጸናው ከስድስት ወር ቆይታ በኋላ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የመድኑን ዋጋ አጣሩ።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። እኛ ዘንድ ደቻቱ ያደረገብንን ሁሉም ያውቃል። እንደ አሜሪካው ያለ ካርታና ደንብ እዚህ ሊሠራ ይችላልን?

መልስ፦ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ረጅም ጊዜ ያሰብኩበት የእርስዎ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ወንዝ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩም ላይ ቤት ይሠራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን በላይ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለዚህ ዓይነቱ ወንዝ የአሜሪካው ካርታ ሲሠራ እንደሚደረገው የብዙ ዓመት የውሃ መዝገብ ማግኘት ከባድ ነው።

ቢሆንም ሥራው አይቆምም። መለኪያ በሌለበት ወንዝ ላይ መሐንዲስ የሚጀምረው ውሃው ግድግዳ ላይ ትቶት ከሄደው የጭቃ መስመር፣ ዛፍ ላይ ከቀረው ጉድፍና ከአረጋውያን ምስክርነት ነው። ከእነዚህ ምልክቶች፣ ከወንዙ ወርድና ተዳፋት ተነሥቶ ያለፈውን ውሃ መጠን ማስላት ይቻላል። በሕግም በኩል ባዶ አይደለንም፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የውሃ አካላት ዳርቻ ተለይቶ እንዲከለልና በተከለለው ዳርቻ ላይ መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ለመከልከል የሚያስችል ድንጋጌ አለው። የሚያስፈልገው ክልሉ በአሃዝ የተመሠረተ እንዲሆን ነው። ለሁሉም ወንዝ አንድ ዓይነት የሜትር ርቀት መወሰን ለመቆጣጠር ይቀላል፤ ነገር ግን ገደላማ ዳር ያለው ወንዝና ሜዳ ላይ የሚተኛ ወንዝ በአንድ ልክ አይሰፉም። ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ ላይ ወጥተው ሲተኙ ገበሬው ሩዝ ያበቅልበታል፤ እዚያ ውሃውን ከሜዳው ማባረር ጉዳት ነው፤ ቤቱንና ጎተራውን ከፍ ወዳለው መውሰድ ግን ይቻላል።

ከአሜሪካው ልምድ መወሰድ ያለበት ዋናው ነገር ካርታው ከጥቅም ጋር መያያዙ ይመስለኛል። ጊልበርት ዋይት የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ ጎርፍ ከሰማይ ቢመጣም የጎርፍ ጉዳት ግን በአብዛኛው የሰው ሥራ ነው ብሎ ለአሥርት ዓመታት ሲከራከር ከቆየ በኋላ ነው ያ ሕግ የወጣው፤ ሕጉም ከልክሎ ብቻ አልተወም፤ ደንቡን ለሚያከብር ከተማ መድን ሰጠ። በወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው በአብዛኛው ሌላ ቦታ አጥቶ የተጠጋ ድሃ ስለሆነ፣ ተለዋጭ መሬትና ለሥራው ቅርብ የሆነ ቦታ ሳይዘጋጅለት መስመር ቢሰመር፣ ቤቱ ቢፈርስም ተመልሶ ይሠራበታል። በተፋሰሱ ላይኛው ክፍል ዝናቡን የሚለካና ሌሊት ከተማውን የሚያነቃ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ካርታው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም።

እርስዎና ጎረቤቶችዎ ካሁኑ ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ሥራ አለ። ደቻቱ በሞላ ቁጥር ውሃው በጎደለ በማግሥቱ፣ የጭቃው መስመር በዝናብ ሳይታጠብ፣ በድልድዩ ምሰሶና በታወቁ ግድግዳዎች ላይ የደረሰበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም አስምሩ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት፤ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ ከነፎቶግራፉ በመዝገብ አኑሩ፤ ከመዝገቡም አንድ ግልባጭ ለከተማው አስተዳደር፣ አንድ ግልባጭ ለዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ክፍል ስጡ።